ፈርቶ የዋለ ሹፌር

«ፈሪው ገብቷል?»

ደባርቅ መናኸሪያ ጠዋት ጠዋት የሚሰማ ጥያቄ ነው። ፈሪው የሚሉት ገዱን ነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲያዩት በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል የሚመስል ሹፌር ነው። «ፈሪው!» ብለው ሲጠሩት ዞር ብሎ «አቤት» ይላል እንጂ አይቆጣም።

የሚነዳት ቅጥቅጥ አውቶብስ ጉልበቷን ጎንደርና ሊማሊሞ ላይ የጨረሰች ናት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ሰልችቶት ከቆመ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሄደችውን መንገድ የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው። አገሩ «እቴቴ» ይላታል። ረዳቱ ደርቤ፣ ጢሙ የጎፈረ፣ የልጆች አባት፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ «ገዱ መኪና አይነዳም፣ በሽተኛ ያስታምማል» እያለ ተሳፋሪ ያስቃል። እውነቱን ነው። ገዱ ቴፕ አይከፍትም። ሊማሊሞ አፋፍ ሲደርስ ደግሞ ወሬ እንኳ እንዲቀንሱለት ይለምናል። ጆሮው ሁልጊዜ እግሩ ሥር ነው።

አንድ ቀን ምኑን እንደሚያዳምጥ ጠየቅሁት። ጎረቤቴ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይደብቅ ያወራኛል።

«ስታፏጭ የቺንጋ ቀበቶዋ ነው» አለኝ። «ጠዋት የምታስለው ከብርዱ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይለቃታል። ማርሽ ስቀይር ብታጉረመርም ዕድሜ ነው፤ እኔስ መቼ ሳላጉረመርም ውዬ አውቃለሁ? የማውቀው ድምፅ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አዲስ ሲመጣ ነው።»

ይህ ፍርሃት እንዲሁ አልመጣም። ታላቅ ወንድሙ ብርሃኔም ሹፌር ነበር። ሊማሊሞ ላይ ከነጭነቱ ገደል የገባ ዕለት፣ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ለገዱ «መኪናዋ አንድ ነገር ትላለች፤ ስመለስ አሳያታለሁ» ብሎት ነበር። አልተመለሰም። የተረፈው ብረት ስለማይናገር ምን ትል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናታቸው እማማ በለጠች ዳባት መንገድ ዳር ነው ቤታቸው። ገዱ በዳባት ባለፈ ቁጥር ሳያያቸው አያልፍም። ሌላዋ እናት ልጇን «ደህና ዋልክ?» ስትል እሳቸው «ፈርተህ ዋልክ?» ይላሉ። «ፈርቼ ዋልኩ፣ እምዬ» ይላቸዋል። «ተመስገን» ብለው ጉንጩን ይስሙታል። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለስድብ ሲያውለው እሳቸው ጸሎት አድርገውታል።

አሁን የማወራው ዘንድሮ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሁሉ አደይ በለበሰ ሰሞን የሆነውን ነው። ከገዱም፣ ከደርቤም፣ አብረው ተሳፍረው ከነበሩት ከመሪጌታ ገብረ ኪዳንም ለየብቻ ሰምቼዋለሁ። ሦስቱም አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከጎንደር ሲመለሱ ኮሶዬን እንዳለፉ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እየተንገታገቱ ዳባት ገቡና ጎሚስታ ዘንድ አስለጠፉ። ቀኑ እየመሸ፣ መንገዱም ሊዘጋ ነው እየተባለ ስለነበር ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ። ተሳፋሪው «ቶሎ!» ይላል፤ ጎሚስታው «አለቀ፣ አለቀ!» ይላል። ገዱ ለእናቱ እንኳ ሳይወርድ ጥሩምባ ነፍቶላቸው አለፈ። ደባርቅ ሊገቡ ሲሉ ነበር አዲሱ ድምፅ የመጣው።

ቋ። ዝም። ቋ። ዝም። ቋ።

ገዱ ደርቤን አየው፤ ደርቤ አልሰማም። ሰው ሁሉ እያወራ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ባርናባስ ጋራዥ ወሰዳት። ባርናባስ ጥሩ መካኒክ ነው፤ እጁ አይታማም። ገዱ ገና ከመውረዱ «ሞተሩ ያንኳኳል» አለው። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው። እኛ ዘንድ መኪና የሚያወጣው ድምፅ ሁሉ የሞተር ነው። በሩ ቢንቋቋ «ሞተሩ ምን ሆነ?» እንላለን። ገዱም አፉ እንደለመደው አለ፣ ባርናባስም ጆሮው እንደለመደው ሰማ። ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳ፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ከሞተሩ አስጠግቶ እጀታውን ጆሮው ላይ ተከለና ልክ እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ ታች አዳመጠ።

«አያንኳኳም።»

«ትናንት ግን…»

«የሞተሩ ቢዬላ ቢሆን አሁን ይነግረኝ ነበር። ሞተሯ ካንተ ይሻላል፣ ጤና ነው። ይልቅ የጭሱ ማርሚታ ላልቷል፤ እሱ ነው ሲወዛወዝ የሚመታው።» ጋደም ብሎ የማርሚታውን ማሰሪያ አጠበቀና ተነሳ። «በል ሂድ። ደግሞ ዛሬ ነፋስ ሰምተህ እንዳትመለስ!»

ገዱ ሳቀ። ደስ አለው። ሰው ለፍርሃቱ ስም ሲሰጡለት ምን ያህል እንደሚቀለው የፈራ ያውቀዋል፤ ማርሚታ ነው፣ በቃ።

መናኸሪያው ግጥም ብሎ ጠበቀው። ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ዕለት ነው፤ ነገ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ይግዛው የሚባለው ነጋዴ የነጭ ሽንኩርት ጆንያውን ጣራ ላይ አስጭኖ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዟል። እትዬ ወርቄ ዛሪማ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ለክርስትና ሊወርዱ ቀይ አውራ ዶሮ አቅፈው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ደግሞ አዲ አርቃይ ለንግሥ ተጠርተው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ሻንጣቸው ከላይ ነው።

ከተማውን እንደለቀቁ ሜዳው ላይ ትንሽ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ መጣ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደግሞ አሁን ብቻውን አይደለም፤ ከላይ «ሽል ሽል» የሚል ቀጭን የብረት ድምፅ ያጅበዋል። በዚህ ጊዜ ሰውም ሰማ። ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ።

«ሹፌር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ወርቄ።

ገዱ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ከመታጠፉ በፊት፣ ዳር ይዞ ቆመ። ከፊታቸው ምድር የለም፤ ጉም ብቻ ነው። ከጉሙ ሥር የተራራ ጫፍ እንደ ጥርስ ብቅ ብሏል። ደርቤ ጣራ ላይ ወጣ። ጆንያውን ገፋ፣ ገመዱን ጎተተ፣ ከዚያ ድንገት እንደ ልጅ እየሳቀ አንድ ሻንጣ አውርዶ ነቀነቀው። ሽል ሽል ሽል!

«መሪጌታ! የእርስዎ ጸናጽል ነው!»

አውቶብሱ በሳቅ ፈነዳ። ጸናጽሉ ከሻንጣው አፍ ወጥቶ የጣራውን ብረት ሲመታ ነው ድምፁ የመጣው። ይግዛው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «መሪጌታ፣ ያለ ቀኑ ማኅሌት አቆሙን እኮ! ፈሪውማ ነፍሱ ወጥታ ነበር!»

«ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ በጨርቅ ልጠቀልለው ሳስብ ረሳሁት» አሉ መሪጌታ፤ እሳቸውም ሳቁ። ጸናጽሉን ተቀብለው በነጠላቸው ጠቀለሉትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ገዱም ሳቀ። ማርሽ አስገባና የመጀመሪያውን ኩርባ ጀመረ። ቁልቁለቱ እንዳይወስዳቸው በከባድ ማርሽ ስለያዛት ሞተሩ ይጮሃል። ሰዉ ሁሉ ወሬ ጀምሯል፤ ስለ ጸናጽሉ ነው የሚያወራው።

በሳቁ ሥር፣ በሞተሩም ጩኸት ሥር፣ ገዱ ከኋላ በኩል ሌላ ነገር ሰማ።

ቋ። … ቋ።

ገዱ ይህን ሲነግረኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። «አፌ ደረቀ» አለኝ። «መሪውን ጨብጫለሁ፣ መሪው ግን እጄ ላይ ያለ አልመሰለኝም። በስተግራዬ ገደሉ ነው። በመስታወት ሰዉን አየሁ፤ እትዬ ወርቄ ለዶሮው ጥሬ እያጎረሱ ይስቃሉ። ማንም አልሰማም። የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ መሀል የብርሃኔ ድምፅ መጣብኝ፤ ሻይ እየጠጣ፣ እንዲያው ቀለል አድርጎ፦ ‹አንድ ነገር ትላለች።› አሁን ብቆም ይስቁብኛል። ገና አሁን አቁሜ ነው የተሳሳትኩት እኮ! ግን ሁለተኛውን ኩርባ ስናይ እግሬ ራሱ ፍሬኑን ያዘ።»

መንገዱ ትንሽ ሰፋ ብሎ ሜዳ በሚመስልበት ቦታ አቆማት። ደርቤ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ።

«ደግሞ አሁን ምን ሆንክ?» አለ ይግዛው።

«ውረዱልኝ።»

«ምን?»

«ሁላችሁም፣ እባካችሁ፣ ውረዱልኝ።»

«ኧረ ይሄ ሰው አበደ! ጸናጽሉን አገኘን አይደለም ወይ? መንገዱ ሳይዘጋብን! ፈሪ ለእናቱ አሉ! ወገን፣ ይህን ሰውዬ ቀሚስ አልብሱት!»

«ቀሚስ ምን አደረገህ?» አሉ እትዬ ወርቄ ከኋላ። «እኔ በቀሚሴ ቤት አቁሜያለሁ፤ አንተ በሱሪህ ሽንኩርት ነው የቆለልክ።»

ሰዉ ሳቀ፣ ግን ሳቁ አጭር ነበር። እየተነጫነጨ አንድ በአንድ ወረደ። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ይነፍሳል። ይግዛው ሳይወርድ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ገዱ፣ እውነት ለመናገር ሰው ካንተ ጋር ጉዞ ሰልችቶታል። ፈሪ መሆንህን ሁሉም ያውቃል።»

ገዱ ዞሮ አየው። «ልክ ነህ» አለው። «እናታችን ሁለት ወንድ ነበራት። አንዱ ደፋር ነበር፤ ከዚህ በታች ነው ያለው። እኔ ለእናቴ የቀረሁ ነኝ። አሁን ውረድልኝ፣ ይግዛው።»

ይግዛው ወረደ።

ገዱ ሞተሩን ቆሞ አስጮኸው፤ ደርቤ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ምንም። ደግሞ አስጮኸው። እቴቴ አገሳች፣ ጭሷን ተፋች፣ ቋ የሚል ነገር ግን የለም። ገዱ ከመሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ባርናባስ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ሞተሩ ጤና ነው። እንግዲህ የሰማው ምንድን ነው? ራሱ ነው ወይ የሚያንኳኳው?

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከመስኮቱ ሥር መጡ።

«ልጄ ገዱ፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

ቀና አለ። «ምን ሰሙ?»

«ጸናጽሌ ጭኔ ላይ ተጠቅልሎ ዝም ብሎ ነበር። ከበሮው ግን አላቋረጠም።» መሪጌታ በደብራቸው ከበሮ የሚመቱ ናቸው፤ የሕይወታቸው ሥራ ምት መለየት ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁልቁል ስንጀምር ሞተሩ ይጮህ ነበር አይደለም?»

«አዎ፣ በከባድ ማርሽ ነው የያዝኳት።»

«እህ። ሞተሩ ጽፋት ላይ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ያኛው ግን መረግድ ነው፤ ረጋ ብሎ፣ አንድ፣ ዝም፣ አንድ። ሜዳው ላይ ስንፈጥን ፈጠነ፤ እዚህ ስንዘገይ ዘገየ። አሁን ቆመን ሞተሩን ብታስጮኸው እሱ ጭራሹን የለም።» መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው የአውቶብሷን ጎን ነካ ነካ አደረጉ። «ይህ ከበሮ ከሞተሩ ጋር አይደለም የሚያዜመው። ከሚሄደው ጋር ነው።»

ገዱ «ሰውነቴ በረዶ ሆነ» ይላል እዚህ ላይ። ከሚሄደው ጋር። የሚሄደው ጎማ ነው።

ደርቤን ታኮውን አስነስቶ፣ ፍሬኑን ሳይለቅ፣ እቴቴን በሜዳዋ ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት አስጎተታት። ሰዉ በአፋፉ ዳር ተደርድሮ ያያል። መሪጌታ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ኋላ ቀሩ።

ቋ።

«ቁም!» አሉና መቋሚያቸውን ግራ የኋላ ጎማ ላይ አስቀመጡት። «እዚህ ነው።»

ገዱ ወርዶ ተንበረከከ። ጎማውን ከሚይዘው ከየዳዶው ሥር የዛገ ውሃ የወረደበት የሚመስል ቀይ መስመር አለ፤ ብረት በብረት ሲፋጭ የሚተወው ዱቄት ነው። ከቡሎኖቹ ገሚሱ ተቆርጦ ወድቋል፣ ቦታው ባዶ ነው። ከተረፉት አንዱን ዳዶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው።

ዞረ። በጣት ዞረ።

ሦስቱም ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት እዚህ ነው።

ደርቤ አይቶ «ወይኔ» ብቻ አለ፤ ሌላ ቀልድ አልመጣለትም። ዳባት ላይ በጥድፊያ ጎማው ተገጠመ እንጂ አልጠበቀም፤ ትንሽ ተኪዶ ቆሞ ዳግመኛ ማጥበቅ ነበር፣ እሱም በጥድፊያው ተረሳ። መንገዱ ሁሉ ሲያላላው መጣ። አንድ ኩርባ፣ ቢበዛ ሁለት ነበር የቀረው። ይግዛው ሰዎቹን ገፋ አድርጎ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ወደ ገደሉ ተመለከተ። ከዚያ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ወርቄ አጠገቡ ቆመው ዶሮውን አጥብቀው አቅፈዋል።

ባርናባስ በስልክ ተጠርቶ በሞተር ሳይክል መጣ። ጋራዡ ከቆመ አሮጌ መኪና ቡሎን ነቅሎ ይዟል። ጎማውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ብዙ ከሠራ በኋላ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «ሞተር አልክ እኮ አንተ!» አለ።

«አልኩ» አለ ገዱ።

«ድምፅ አለ ብትለኝ እኮ…»

«ሞተር አልኩ፣ ባርናባስ። አፌ ነው።»

ባርናባስ ዳዶዎቹን በሙሉ ሰውነቱ እየተንጠለጠለ አጠበቀ፤ ከዚያ የቀሩትን ጎማዎች ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዞሮ ፈተሸ።

እንግዲህ የቀረው መውረዱ ነው። ገዱ «የማይወርድ ካለ አይወቀስም፣ ደባርቅ በእግር ይደርሳል» ብሎ ነበር። ማንም አልቀረም፤ ግን ሰዉ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተሳፈረው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርዱ ትንፋሽ አይሰማም። ሁሉም አንገቱን ወደ ግራ ኋላ አዘንብሏል። ጠጠር ከሥር ነጠረ፣ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ጨመደደ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳርፈዋል፤ የሌለ ምት ይጠብቃሉ። ከኩርባዎቹ ባንዱ ላይ የእትዬ ወርቄ አውራ ዶሮ ድንገት ጮኸ፣ አውቶብሱ ሙሉ አብሮ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። በየኩርባው ከገዱ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «ቀስ፣ አያ ገዱ። ቀስ በልልን» ይላል። ይግዛው ነው።

ሊማሊሞ ሲያልቅ፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ ገዱ አቁሞ ወረደ። ጎማው አጠገብ ቁጭ ብሎ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ሞከራቸው። አንዱም አልዞረም። ያኔ ነው አለቀሰ የሚለው ደርቤ። ገዱ ግን ላብ ነው ይላል።

መንገዱ ተዘግቶባቸው ዛሪማ ሰነበቱ። ደባርቅ ከተመለሱ ወዲያ ወደ ጎንደር ሲያልፉ ዳባት ላይ እንደ ልማዱ ቆመ። እማማ በለጠች ከደጃቸው ተነስተው መጡ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል፣ ግን ሰላምታቸውን አልለወጡም።

«ፈርተህ ዋልክ?»

ገዱ ጎንበስ አለላቸው። እሳቸው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁት።

«ፈርቼ ዋልኩ፣ እምዬ። አንድ ነገር ትል ነበር። ቆሜ ሰማኋት።»

አሮጊቷ ያ «አንድ ነገር» የማን ቃል እንደሆነ ያውቃሉ። «ተመስገን» አሉና ጉንጩን ሳሙት።

ይግዛው ጎንደር ዕቃ ሊያመጣ ተሳፍሮ ነበር። አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እማማ፣ እኔንም ይመርቁኝ! እኔም እኮ ያን ዕለት ፈርቼ ነው የዋልኩ!»

እማማ በለጠች ቀና ብለው አዩት። «እናት አሉህ?»

«አሉኝ፣ በየዳ ናቸው።»

«እንግዲያ ለኔ ምን ታወራለህ?» አሉት። «ሂድና ለእሳቸው ንገራቸው።»